እንብላ ያልኩት ሰው

እናቴ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል እየቋጠረች፣ «ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ብቻሽን እንዳትበዪ» አለችኝ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።»

«እማዬ ደግሞ! እዚያ ያሉ ሰዎች ዳቦ ቆሎ መች ያውቃሉ?» ብዬ ሳቅኩባት።

«እነሱ ባያውቁስ፣ አንቺ ታውቂ የለ?»

ሁዳዴ ጾም ገብቶ ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ልሄድ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ የተፈጨ ሚጥሚጣ ሳይቀር ሻንጣዬን ሞልታ ሸኘችኝ። ምክሯንም እንደ ስንቁ ይዤ ሄድኩ። ወይ ነዶ! ስንቁን ብቻ ይዤ በሄድኩ ኖሮ።

የምሠራው አዳማ፣ የአትክልት ዘርና የእርሻ መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ወረቀት ላይ የሱቅ ሠራተኛ ነበርኩ። ነገር ግን የመቂ ገበሬ ቲማቲሙ ጠወለገብኝ ብሎ ሲደውል፣ የባቱ ገበሬ ሽንኩርቱ ሲቃጠልበት፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። መስክ ስወጣ ደስ ይለኛል፣ በቃ። የመቂ ሴቶች ማሳው ዳር ምሳቸውን ሲፈቱ «ኮቱ ኛዹ» ይሉኛል፤ ነይ ብዪ ማለታቸው ነው። እጄን ታጥቤ ቁጭ እላለሁ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ባሎቻቸው፣ ስለ ደላላው የማይነግሩኝ ነገር አልነበረም።

ብቻዋን መንገድ የምትወጣ ሴት ወንድ አያጣትም። ሞጆ ላይ መኪና ስቀይር የከባድ መኪና ሾፌሮች ከሻይ ቤቱ በረንዳ ያፏጫሉ። አዳማ ውስጥ የባጃጁ ልጅ መስታወቱን ከመንገዱ ወደ ደረቴ ያዞራል። እኔ ግን አንድ መድኃኒት ነበረችኝ፤ ዘመድ ማድረግ። ሸምገል ያለውን «አባቴ» እለዋለሁ፣ እኩያዬን «ወንድሜ»፣ ትንሹን ደግሞ «ማሙሽዬ»። ለባለ ባጃጁ «ወንድሜ፣ መንገዱ ያለው ከፊትህ ነው» ስለው አንገቱን ደፍቶ መስታወቱን ይመልሳል። ሁሉም ያፍራል ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ ዓይኑን በጨው ያጠበ ነው። ግን ወንድሜ የተባለ ሰው ቢያንስ ትንሽ ይደናገጣል፤ እሱ ሲደናገጥ እኔ እልፍ እላለሁ። እንዲህ ነበር የምኖረው።

አንድ ቀን አለቃችን እኔንና የመጋዘን ኃላፊውን ጠሩን። ዘሩን የሚልክልን የውጭ ድርጅት ለሁለት ሠራተኞች የስልጠና ዕድል ሰጥቷል፤ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ አሉ። ስትመለሱም ከሁለታችሁ አንዳችሁ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተወካይ ይሆናል፤ ፒክአፕ መኪናም አለው፤ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ በዚህ በኩል ደግሞ እስከ መተሐራ። ልቤ ዘለለች። ያለ ስምና ያለ መኪና ስሠራው የኖርኩት ሥራ እኮ ነው! ባልደረባዬ ከመጋዘኑ ወጥቶ ማሳ ረግጦ አያውቅም። ከእኔ ሌላ ለማን ሊሰጡት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ባልደረባዬ ባለትዳር ነው፤ ጨዋ የሚባል ሰው። በጾም ቀን ሻይ ቤት ስንገባ ኬኩ ቅቤ እንዳለው፣ እንቁላል እንደገባበት አስተናጋጇን እንደ መርማሪ ፖሊስ የሚያፋጥጥ እሱ ነው። እኔን ሳይቀር «ማስቲካው ምኑ ይታወቃል፣ ትፊው» ብሎኝ ያውቃል።

የሄድንበትን አገር ስም አልጠራም። በአንድ ሰው የተነሳ አገር አይረገምም፤ የእሱ ዓይነቱ ደግሞ እኛም ጋ ሞልቷል። በመጀመሪያው ቀን ምሳ የሆቴሉ ገበታ ዶሮ፣ ጥብስ፣ አይብ ብቻ ነው። እኔ ሰላጣ ፍለጋ ስዞር ባልደረባዬ ሳህኑን በዶሮ ቆልሎ መጣ። አፍጥጬ አየሁት። «መንገደኛ ጾም የለበትም» አለኝ በሹክሹክታ፤ ቀጥሎም «አደራ፣ ቤት እንዳይሰማ።» ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ሳቄ መጣ። «ሆድ ይፍጀው» አልኩት። ደግሞም የሰው ጾም ከአምላኩ ጋር የሚተሳሰበው ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ ቆሎዬን ይዤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወዳለው መናፈሻ ወጣሁ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መቆርጠም ስጀምር አንድ ሰውዬ መጥቶ በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ። ጎልማሳ ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እኔን አላየኝም። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ነኝ ያየሁት። አጠገቤ ሰው ቁጭ ብሎ እህል አልወርድ አለኝ። የእናቴ ድምፅም መጣ። ፌስታሉን ከፈት አድርጌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ዘረጋሁለት።

እኛ ጋ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እንብላ ትያለሽ፤ ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ብሉ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ አለቀ። በሚኒባስ ውስጥ በቀን ስንቴ የሚደረግ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ማንም አይበላም፤ ግን ሁሉም ይጠየቃል። ሰውየው ግን ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ። ተንሸራቶ መጥቶ ተጠጋኝ። አንድ እፍኝ አነሳ፣ ቆረጠመ፣ ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈው።

ዘልዬ ተነሳሁ። እሱም ተነሳ። መንገዱን ስሻገር ተሻገረ። እስከ ሆቴሉ በር ድረስ እየሳቀ ተከተለኝ።

በበነጋው መናፈሻውን ትቼ በሌላ በኩል ልሄድ ወጣሁ፤ እሱ ግን የሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። «ወንድሜ፣ እባክህ» አልኩት በእንግሊዝኛ። ምናልባት ወንድም የሚባለው ነገር እዚያም ያሳፍር ይሆናል ብዬ ነበር። ከት ብሎ ሳቀ! ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈና ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ አሳየኝ። የጋበዝሽኝ አንቺ ነሽ ይላል። ቀጠለና ሌላ ጻፈ፤ ትናንት የጋበዝሽኝን ዛሬ ለምን ትሸሺኛለሽ ይላል። በምን ቋንቋ ላስረዳው? ዳቦ ቆሎ ግብዣ ነው፣ ግን ግብዣ አይደለም ልበለው?

ባልደረባዬን ለመንኩት። «ከስልጠናው ስንወጣ አብረን እንሂድ፣ አንድ ሰውዬ እየተከተለ አላስቀምጥ ብሎኛል» ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዳቦ ቆሎው ላይ ስደርስ ሳቁ አላስጨረሰኝም።

«አንቺው ጠርተሽው!» አለ። «ቆይ፣ ወንድ ልጅ ሲከተልሽ ደስ አይልሽም?»

«አይለኝም። ፈርቻለሁ።»

«አላርፍ ያለች ጣት…» ብሎ ጀመረና ተረቱን ሳይጨርስ ተወው። መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አር ጠንቁላ ወጣች ነው። ከሰዓት በኋላ ጫማ ሊገዛ ገበያ ወጣ። እኔ ከስልጠናው ቦታ ወደ ሆቴሉ ብቻዬን በአውቶቡስ ተመለስኩ።

የሰውየው ነገር እየባሰ ሄደ። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ድረስ ገብቶ ስለኔ ጠየቀ፤ ስሜን ስለማያውቅ ጸጉሬን በእጁ እየሳለ ነው አሉ። በር ላይ ሆኖ በስልኩ ፎቶ ያነሳኛል። መጋረጃ መክፈት ተውኩ። ያን ያህል መንገድ ሄጄ ከተማውን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። በመጨረሻ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኝና የእጄን አንጓ ጨበጠ። ልቀቀኝ አልኩት፣ አለቀቀም። እሪ አልኩ! እኛ ሰፈር እሪ ያለች ሴት ዱላ የያዘ፣ ወንፊት የያዘች፣ ሁሉ ይወጣላታል። እዚያ ሰው ስልኩን እያየ አለፈ። በሌላኛው እጄ ቦርሳዬን ብዳብስ በሶው መጣልኝ። ፌስታሉን በጥርሴ ቀድጄ ፊቱ ላይ ደፋሁበት። ዓይኑን ይዞ ሲያስል አውቶቡሱ ደረሰና ገባሁ። በሶ በሶ እየሸተትኩ፣ ስድብ የተባለውን ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም እያወረድኩበት ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ አሳልፌ፣ ስልጠናውን አንድም ቀን ሳላጓድል ተመለስኩ። አዳማ ስገባ ያ አቧራ ያዘለ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ አገሬ ገባሁ ብዬ እልል ልል ነበር። ሰኞ ሱቅ ገባሁ።

«እንብላ!» አለ አንዱ ሻጭ ከባንኮኒው ጀርባ። ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

ወሬው ቀድሞኛል። ባልደረባዬ ቅዳሜ በግማሽ ቀን ሥራው አውርቶ ጨርሶታል። እሱ እንዳወራው ከሆነ እኔ የሆቴሉን ምሳ ንቄ፣ ከሰው ተለይቼ መናፈሻ ወጥቼ፣ የማላውቀውን ወንድ በእጄ ጠርቼ ነው። ጾም ስለሆነ የምትል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለችም። እንዴት ትኑር? እሷ ከኖረች፣ አንተስ ምን በላህ የሚል ጥያቄ ትወልዳለች።

አለቃችን ቢሯቸው ጠሩኝ። አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ በክፉ አልተናገሩኝም። እንደውም ያቃጠለኝ ደግነታቸው ነው።

«ልጄ፣ ስለ ተወካይነቱ አስበንበት ነበር» አሉ። «ለሱ እንዲሆን ወስነናል። መስክ አስቸጋሪ ነው፤ የሾፌር አገር፣ የባዕድ ሰው አገር። ሠለጠነ በተባለው አገር እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ፣ መተሐራ ላይ ምን ልትሆኚ ነው? ለአንቺው ብለን ነው።»

«ጋሼ፣ መተሐራ ስመላለስ እኮ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ሆኜ አውቃለሁ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ስም የሚባል ነገር አለ። ሴት ልጅ ስሟ ከወጣ አይመለስም።»

«ስሜን ያወጣው ማን ነው?»

ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

የዶሮው ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ቢሮ ገብቶ እገሌ ጾም ፈታ ብሎ መክሰስ የልጅ ሥራ መሰለኝ፤ ደግሞም ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። እሱ የኔን ባይጠብቅም እኔ የሱን ጠበቅኩ። ጨዋነት ነው አልኩ ለራሴ። ዛሬ ሳስበው ግን ጨዋነት የሚባለው ነገር እኔን ብቻ ነው የሚያውቀው እንዴ?

መኪናውን ተረከበ። መቂ ሄዶ ሲመለስ የገበሬዎቹን ጥያቄ እኔኑ ነው የሚጠይቀኝ፤ «ቅጠሉ እንዲህ ሲሆን ምንድነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ገበሬው ምን አደረገኝ? ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ምሳ ዕቃውን ይከፍትና ሰው ሁሉ እያየ ወደኔ ይዘረጋል። «እንብላ! ኧረ በሞቴ፣ እንብላ!» ሳቅ ይሆናል። በየቀኑ። አንጀቴ አረረ። አንድ ቀን ያቆማል እያልኩ ወራት አለፉ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ እንደ ልማዱ አንድ ቁራሽ ዳቦ ዘረጋልኝ። «እንብላ!» ዳቦውን አየሁት፣ እሱን አየሁት። ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ ያኔ እኔም አላወቅኩም።

ዓርብ ዓርብ ምሳውን ቤቱ ነው የሚበላው። ያን ቀን ፒክአፑ ጋራዥ ስለነበር በባጃጅ ሄደ። እኔም ሌላ ባጃጅ ያዝኩ። «የፊተኛውን ተከተልልኝ» አልኩት ልጁን።

«ባልሽ ነው እንዴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«አይደለም። የጋበዘኝ ሰው ነው። አንተ መንገዱን እይ።»

ፍራንኮ የሚባለውን ሰፈር አልፈን አንድ ቅያስ ውስጥ ገባን። እሱ ከበሩ ሲደርስ እኔም ደረስኩ። ዞር ሲል አየኝና ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«እንብላ ብለኸኝ የለ? መጣሁ።»

«ቀልድ እኮ ነው!»

«የኔም እንብላ የወግ ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም።»

«አበድሽ እንዴ? ሚስቴ ቤት ናት። ሂጂልኝ።»

«አንተው ጠርተኸኝ!» አልኩት፤ ያቺኑ የራሱን ቃል፣ በራሱ ዜማ። ፊቱ አመድ መሰለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ያን ፍርሃት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እሱም ይወቀው አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፤ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ ሽሮው እያረረባት እንደሆነ በሚያስታውቅ ጥድፊያ። «እንግዳ ደጅ ላይ ታቆማለህ እንዴ? ማን ናት?» ከዚያ ራሷ አወቀችኝ። «አንቺ ነሽ አብረሽው የሄድሽው! ግቢ እንጂ! ምሳ ደርሷል፣ እንብላ።»

ስንት ወር የተሳቀብኝ ቃል፣ ከሷ አፍ ሲወጣ ደህና ቃል ነበር። መመለስ ፈለግኩ፤ እሷ ግን እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ አስታጠበችኝ። ትሪው ቀረበ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ቃሪያ ስንግ። እሱ አንድ ጉርሻ ይዞ እንደተቀመጠ ቀረ።

«እሱ እኮ እዚያ አገር በጾሙ ምክንያት ተጎድቶ ነው የመጣው» አለችኝ እያጎረሰችኝ። «ደረቅ ዳቦና ውሃ ብቻ፣ አስቢው! ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች፤ እንዲህ ያለ ባል የሰጠሽ አምላክ ይመስገን አለች። አንቺ ምስክር ነሽ መቼም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ይለምናል። እኔም እዚያ አገር፣ አብረን እንሂድ ስለው፣ በዚያው ዓይን ለምኜው ነበር። የሷ ጉርሻ አፌ ውስጥ ነው። አላመጥኩት፣ አላመጥኩት፣ ዋጥኩት። ብናገር የሚዋረደው እሱ ነበር፤ የምታለቅሰው ግን እሷ ናት።

«አዎ» አልኳት። «በጣም ተቸግሮ ነበር።»

«አየህ!» አለችው ባሏን፣ ፊቷ በርቶ።

በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ሁለቴ ሳመችኝ። ነይ ደግሞ፣ አትጥፊ አለችኝ። መንገድ ላይ ወጥቼ እንባዬ ሲወርድ አንዲት ሴትዮ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ብትለኝ «አቧራ ገባብኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ሱቅ ስገባ ማንም እንብላ አላለኝም። ሳቅም አልነበረም። ገልመጥ አድርገውኝ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ተገላገልኩ ብዬ ልደሰት ስል አለቃችን ጠሩኝ። አሁን ሻይም አላማሰሉም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አልሆነም። የሰው ትዳር ነው። ቤቱ ድረስ ተከትለሽው ሄድሽ አሉ፤ ሚስቱ ፊት። እኔ እንኳ ላንቺ ነበር የማስበው…»

ምን ልበል? ሚስቱ ትጠየቅ ልበል? ለዚያች ሴት ምኑን ነግሬ ምኑን ልተው? ሰውየው ሲከተለኝ ጥፋቱ የኔ ነበር። እኔ ስከተልም ጥፋቱ የኔ ነው። ወንዱን ጥፋት የሚያገኘው በየት በኩል ሲሄድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

እሱ አሁንም በመኪናው ይመላለሳል። እኔ ባንኮኒው ኋላ ነኝ። ከመቂ ሴቶች አንዷ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ «ምነው ጠፋሽ? ምሳ ስንፈታ ቦታሽ ክፍት ነው» ትለኛለች። ሥራ በዝቶብኝ ነው እላታለሁ።

እናቴ ግን አትሸወድም። ባለፈው ከወንጂ አብረን በሚኒባስ ስንመጣ ብስኩት አውጥቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መብላት ጀመርኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ አሉ። እናቴ በክርኗ ነካችኝ፤ መብላቴን ቀጠልኩ። ራሷ ከእጄ ቀምታ «እንብላ አባቴ» አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ብሉ ልጆቼ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ። አለቀ።

መናኸሪያ ወርደን ብዙ ከሄድን በኋላ ቆም አለች። «ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ብቻሽን መብላት ከየት ለመድሽ?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ አዝና ነው።

«ውጭ አገር» አልኳት።

ዋሸኋት። እዚሁ አዳማ ነው የለመድኩት።